የእትዬ ኮሽታ ሳል

እትዬ ኮሽታ የተባለችው ኮሽ ስለማትል ነው። ሱቃችን ውስጥ ቅጽል ስም ሲወጣ ወይ በቀጥታ ነው፣ ወይ በግልባጭ። ባለቤቱን ጋሽ ማጠፊያ የምንለው በቀጥታ ነው፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር ከወገቡ ይታጠፋል፣ ቀና ሲልም እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይላል። እኔን መርፌ ይሉኛል። ጨርቅ ስለምሰፋ ነው እላለሁ፤ ምላስሽ ስለሚወጋ ነው ይላሉ። እውነቱ መሀል ላይ ያለ ይመስለኛል።

የምንሸጠው አሮጌ ተጣጣፊ መከለያ ነው። ሰፊ ቤት የነበራቸው ሰዎች ሳሎናቸውን ለመክፈል የገዙት፣ ልጆቻቸው የወረሱት፣ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ «ይሄን ነገር የት እናድርገው?» እያሉ የሚያመጡልን ዓይነት። ባለ ሦስት ክንፍ አለ፣ ባለ ስድስት ክንፍ አለ፤ እንጨቱ የተፈለፈለ አለ፣ ሐር የለበሰ አለ፣ ወፍና አበባ የተሣለበት አለ። ጋሽ ማጠፊያ ምስጥ የበላውን ይደፍናል፣ የላላውን ያጠብቃል። እኔ ያረጀውን ጨርቅ ገፍፌ አዲስ እወጥርበታለሁ። እትዬ ኮሽታ ደግሞ ከኋላው ትቀመጣለች።

አዎ፣ ሥራዋ ይኸው ነው። የምትስቁ ከሆነ አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ እኔም በተቀጠርኩ ሰሞን ስቄ ጨርሻለሁ።

ጋሽ ማጠፊያ አንድ የማይሻር ሕግ አለው። ሳይፈተን ከዚህ ሱቅ የሚወጣ መከለያ የለም፤ ሳይፈተን የሚገባም የለም። ደንበኛው ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ መከለያው ፊት ለፊቱ ይዘረጋል። እትዬ ኮሽታ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ትሰጥና ከኋላው ትገባለች። ጋሽ ማጠፊያም «እንግዲህ ከኋላው ሰው አለ» ብሎ በግልጽ ይናገራል፤ ማታለል ብሎ ነገር የለም። ከዚያ ሻይ ይቀርባል። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጎረቤት ይወራል። ወሬው ሲሞቅ ደንበኛው ከኋላ ሰው መኖሩን ይረሳል። ልክ ሲረሳ እትዬ ኮሽታ ታስላለች። ደንበኛው ከደነገጠ መከለያው ደህና ነው። ሻዩን ከደፋ ምርጥ ነው። ካልደነገጠ ግን ጋሽ ማጠፊያ «አይከልልም» ብሎ ወደ ጓዳ ይመልሰውና እንደ አዲስ ይፈታዋል።

ሳሏ የጉንፋን ሳል አይደለም። አንዲት ናት፣ አጭር ናት፣ «አለሁ» ከማለት ታንሳለች፣ ከዝምታ ግን ትበልጣለች። እትዬ ኮሽታ ለዚያች ሳል ስትል ቀዝቃዛ ውኃ አትጠጣም፤ አንገቷ ላይ በጋ ከክረምት ሻርፕ አይጠፋም። አንድ ክረምት እውነተኛ ጉንፋን ይዟት ሥራ ላይ በማይሆን ሰዓት እያሳለች ሱቁን ጾም አሳደረችው፤ ከእፍረቷ የተነሳ ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብላ አላየችንም።

እኔ የምናደድበት ሌላ ነገር ነው። ሰዎቹ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ያዩኛል። ስለዚህ የቤታቸውን ጉድ ሲያወሩ ከእኔ ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ መከለያው አዙረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ያለ የሌለ ምስጢራቸውን እትዬ ኮሽታ ጆሮ ሥር ያፈሱታል። ደንበኛው ሲሄድ «ምን አለ? ምን አለች?» ብዬ እንደ ሕፃን እከተላታለሁ።

«ሆድ ይፍጀው» ትለኛለች።

«ካንቺ ሆድ የኔ ምን ያንሳል?»

«ያንቺ ሆድማ ቀዳዳ ነው፣ መርፌ።»

ዝምታን የተማረችው ከልጅነቷ ነው። አባቷ የሌሊት ዘበኛ ነበሩ፤ ሌት ይቆማሉ፣ ቀን ይተኛሉ። እናትየው ከሥራ እስኪገቡ እሷና ታናሽ ወንድሟ ቤቱን በእግር ጣት ነበር የሚሄዱበት። ወንድሟ አልሆነለትም፤ ማንኪያ ይጥላል፣ በር ያጋጫል፣ ቁንጥጫም ይበላል። እሷ ግን ተካነችበት። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ማንም አግኝቷት አያውቅም። አንዴ ቁምሳጥን ውስጥ ተደብቃ ልጆቹ ሁሉ ፈልገው ሰለቻቸውና በየቤታቸው ገቡ፣ እራታቸውንም በሉ። ወንድሟ ብቻ ቁምሳጥኑ ፊት ቆሞ አለቀሰ። እናቱ «እዚያ መሆኗን በምን አወቅህ?» ቢሉት «እዚህ ውስጥ ሁልጊዜ አይጦች ያንኳኳሉ፣ ዛሬ ዝም ብለዋል» አለ። እትዬ ኮሽታ ይህን ስታወራ ፊቷ ይበራል። በሕይወቷ አንድ ሰው ፈልጎ ያገኛት ያን ቀን ብቻ እንደሆነ ታምናለች።

ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ ቤቱ ለሁለቱ ቀረ፤ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን። ወንድሟ ሲያገባ መኝታ ቤቱን ለሙሽሮቹ ለቀቀችና እሷ ሳሎኑ ጥግ፣ በጓሮው በር በኩል አልጋዋን ዘረጋች። አዲስ ተጋቢዎች እንዳይሳቀቁብኝ ብላ መከለያ ልትገዛ የመጣችው ወደ እኛ ሱቅ ነው። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ይከልለኝ እንደሆነ ልየው ብላ ከአንዱ መከለያ ኋላ ገብታ ቁጭ አለች። ጋሽ ማጠፊያ የምሳ ሰዓት ሲደርስበት ሱቁ ባዶ መስሎት ቆልፎባት ሄደ። ከምሳ የተመለሰው አንዲት ባለጠጋ ሴትዮ አስከትሎ ነው። ሻይ ጠጡ፣ ተከራከሩ፣ ሴትዮዋ ልትሄድ ተነሳች። ያኔ እትዬ ኮሽታ «ኧረ እኔም አለሁ» ማለት አፍሯት አንዴ አሳለች። ሴትዮዋ ከነሻይዋ ሶፋው ላይ ወደቀች። ነፍስ ስትዘራ «ነፍስ ያለው ሰው እንዲህ ከሸሸገማ» ብላ ያለ ክርክር ወሰደችው። ጋሽ ማጠፊያ እትዬ ኮሽታን እዚያው ቀጠራት።

የመረጠችው መከለያ በራሷ ሳል ስለተሸጠባት ሌላ ወሰደች። ባለ አምስት ክንፍ ሆኖ በአንደኛው ገጹ ዝይዎች ተሰልፈው ሲበሩ ተሥሎበታል። መሀለኛው ክንፍ ግን ድሮ ተሰብሮ ከሌላ መከለያ በተወሰደ ስለተተካ፣ ዝይዎቹ በቀኝ ይበሩና መሀል ላይ ሲደርሱ ጀልባ ይሆናሉ፤ በግራ ደግሞ ዝይ ሆነው ይወጣሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አይገዛውም። እሷ ሥዕሉን ወደ ራሷ አዙራ ተከለችው። «ሌሊት በሐሳቤ በጀልባው አሻግሬያቸው እተኛለሁ» ብላኛለች። ወደ ሳሎኑ የዞረው ገጽ ባዶ ጨርቅ ነበር።

ወንድሟ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። የሰው ቤት ሁሉ ጓዳ ጎድጓዳውን ያውቃል፤ እገሌ ቆጣሪው ከኮት መስቀያው ኋላ ነው፣ እገሊት ቆጣሪዋ ከማቀዝቀዣው ጎን ነው ይላል። የራሱን ቤት ግን የቤቱ ሰው ስለሆነ አያየውም። በመጀመሪያ ሰሞን ምግብ ሲቀርብ መከለያውን አንኳኩተው «እትዬ ነዪ» ይሏት ነበር። ከዚያ ሰሃኗን በመከለያው ጠርዝ ማቀበል ጀመሩ። ከዚያ ሰሃኑ ጠርዙ ሥር ይቀመጥላት ጀመር። የምትገባው የምትወጣው በጓሮ በር ነው፤ አታንኳኳ፣ አትጮኽ፣ አትጠይቅ። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባላል፤ እሷ ግን ከዓይን የራቀችው አንድ ጨርቅ ያህል ብቻ ነበር።

መከለያው ላይ ቀን መቁጠሪያ ሰቀሉ። ከዚያ መስታወት። በኋላ ቤቱ ቀለም ሲቀባ ቀቢው መከለያውንም ከግድግዳው ጋር አብሮ ቀባው። ጨርቅ ላይ የግድግዳ ቀለም፤ እዚህ ላይ ስደርስ አሁንም ደሜ ይፈላል። እትዬ ኮሽታ ከኋላው ተቀምጣ ሻርፗን ትጠግን ነበር። የቀለሙን ሽታ ከጎረቤት የመጣ መስሏት መስኮት ከፈተች።

«ለምን አላሳልሽም?» አልኳት።

«ቤቴ ውስጥ ደግሞ ላስል?» አለችኝ።

ነገሩ የፈነዳው የወንድሟ ልጅ፣ አሁን ቁመቷ የረዘመ ልጃገረድ የሆነችው፣ አንድ ምሽት ስልክ እያወራች ግድግዳው ላይ ስትደገፍ ነው። ግድግዳው ታጠፈ።

«አባዬ፣ ግድግዳው ተጣጠፈ» አለች።

ሦስቱም ተሰበሰቡ። ወንድሟ ጠርዙን ይዞ ወዝወዝ አደረገውና «ይሄ እኮ መከለያ ነው» አለ፣ አገር እንዳገኘ ሰው። ሚስቱ በጠርዙ የዝይ ጭራ አየች። «የዱሮ ዕቃ ነው፤ እንዲህ ያለውን የሚገዙ አሉ። ሳሎኑም ሰፋ ይልልናል» አለች። ልጅቷም «እውነት ነው፣ ጓደኞቼን የማስቀምጥበት የለም» አለች። ነገ ጠዋት ወስዶ እንዲሸጠው ተስማሙ። ይህ ሁሉ ሲባል እትዬ ኮሽታ ከኋላው አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሰሃኗን ጉልበቷ ላይ ይዛ እራት እየበላች ነበር። «ከኋላው ያለችውስ?» ያለ አንድ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ ገብታ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ በሻርፗ ላይ ይወርዳል። ስታለቅስም ድምፅ የላትም። «መርፌ» አለችኝ፣ «ስንቱን ደንበኛ ስፈትን የኖርኩ ሰው፣ ለካ ቤቴ ፈተና ላይ ነበርኩ። እንዲህ የሚከልል መከለያ ጋሽ ማጠፊያ እንኳ ሠርቶ አያውቅም።»

«ሄደሽ ንገሪያቸዋ። በአፍሽ ንገሪያቸው፤ ሰው አይደለሽ?»

«አልነግራቸውም። ካሳልኩ ሁሉም ሰው ያስታውሰኛል። እኔ ሳላስል አንድ ሰው ይፈልገኝ እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው። ከፈለጉኝ እዚያው እኖራለሁ። ካልፈለጉኝ አልጋዬን አወጣለሁ፤ ባዶ ቦታ የትም አለ።»

ቃሏን ሳትጨርስ በመስታወቱ በኩል አንድ ሰው ከኪራይ መኪና መከለያ ሲያወርድ አየን። ቀለም የተቀባው ወገን ወደ ውጭ ነው፤ የተቆረጠ ግድግዳ ይመስላል። ወንድሟ ነበር። እህቱ «የሆነ ዕቃ ቤት» እንደምትሠራ እንጂ የትኛው እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። ጠዋትም ባለመኪናው ሲያጣድፈው መከለያውን ከፊት ሳብ አድርጎ አጣጠፈው እንጂ፣ ዞር ብሎ ያ ቦታ ላይ ምን እንዳለ አላየም።

ጋሽ ማጠፊያ ከወገቡ ታጠፈ፣ ሲጢጥ ብሎ ቀና አለ፣ ደንበኛውንም ሶፋ ላይ አስቀመጠ። እትዬ ኮሽታ በጓዳ በኩል ዞራ ከመከለያው ኋላ ገባች። ሰላምታ አላቀረበችም፤ ሕግ ስታፈርስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

«እንግዲህ ከኋላው ሰው አለ» አለ ጋሽ ማጠፊያ እንደ ልማዱ።

«እሺ» አለ ወንድሟ። ሻዩን ተቀበለ።

እኔ ጥግ ላይ ክር እየነከስኩ ነው። ጋሽ ማጠፊያ ስለ ጉልበቱ አወራ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ አወራ። ወንድሟም ሰው ሁሉ ቆጣሪውን የማይሆን ቦታ እንደሚያስቀምጥ አማረረ። ከዚያ ጋሽ ማጠፊያ «ዕቃው ከየት የመጣ ነው?» አለ።

«የቤት ነው። የእህቴ።»

«ይሸጥ አሉ እንዴ?»

«እሷ እንኳ ምንም አትልም። ምንም ብላ አታውቅም። እንደ እሷ ያለ ሰው የለም፤ ለሰው አትከብድም።»

ይህን ያለው በፍቅር ነው፤ እሱ ይበልጥ አናደደኝ። ክሩን በጠስኩና «አሁን እህትዎ የት ናቸው?» አልኩት።

«ቤት።»

«ቤት የት ጋ?»

«ሳሎን ናት፣ ከ...» አለና እጁን ዘረጋ። እጁ በቀጥታ መከለያውን ጠቆመ። እጁን አየው። መከለያውን አየው። ሻዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«መከለያው እዚህ ነው» አለ።

«አዎ፣ እዚህ ነው» አለ ጋሽ ማጠፊያ፤ ደንበኛን መቃወም አይወድም።

«እና እሷስ?»

ጋሽ ማጠፊያ የሳሉ ሰዓት ደርሷል ብሎ በዓይኑ መከለያውን ይጠቅሳል። ከኋላው ትንፋሽ የለም። በኋላ እንደነገረችኝ ሳሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ መልሳ ዋጠችው፤ እንደ ድንጋይ ነው የወረደው ብላኛለች።

ወንድሟ ተነሳ። ፊቱ ነጥቷል። «ቀለም ሲቀባ» አለ ለራሱ፣ «ለቀቢው እዚያ ጋ ሰው አለ ልለው አስቤ ነበር። ስልክ ተደወለና ረሳሁት።» ወደ መከለያው ተጠጋ። እኔ ጣቴን በመርፌዬ ወጋሁ። አንድ እርምጃ ቢጨምር ያገኛታል። የተቀባውን ጨርቅ በመዳፉ ነካ፣ ከዚያ ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ጎንበስ ብሎ አየ። «አጣጥፌ ነው ያመጣሁት» አለ። «ጎትቼ፣ ገፍቼ፣ መኪና ላይ ወርውሬ። መሀሉ ሆና ይሆን? ብትሆንስ ትናገር ነበር እንዴ?»

«አትናገርም» አልኩት፤ አላስቻለኝም።

ዞሮ አላየም። እየሮጠ ወጣ፣ ቤቱ ሊፈልጋት። ጋሽ ማጠፊያ ጭንቅላቱን ያዘ። «ደንግጧል፤ ግን ሳል አልነበረም። ሳይሳል የደነገጠ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። አሁን ይሄ መከለያ አለፈ ነው የሚባለው ወይስ ወደቀ?»

እትዬ ኮሽታ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ተነሺ መርፌ» አለች፣ «እንሂድ፤ ምን እንደሚያደርግ ልየው።» የጣት መከላከያዬን እንኳ ሳላወልቅ ተከተልኳት።

ስንደርስ ቤቱ ተገለባብጧል። ልጅቷ መኝታ ቤት አልጋ ሥር ገብታለች፣ እግሯ ብቻ ይታያል። የወንድሟ ሚስት ትልቁን ሣጥን ከፍታ ብርድ ልብስ ታወጣለች። አንዲት ጎረቤት መሀል ቆማ «ምልክቷን ንገሩኝና ሰፈር ውስጥ ልጠይቅላችሁ» ትላለች።

«አጭር ናት» አለች ሚስትየው።

«ኧረ ረጅም ናት» አለች ልጅቷ ከአልጋው ሥር።

«ሁልጊዜ ተቀምጣ አይደል የማያት? አጭር ናት።»

«ሻርፕ ታደርጋለች።»

«ምን ዓይነት ሻርፕ?»

ሚስትየው ሣጥኑ ውስጥ አጎነበሰች። እኛ በሩ ላይ ቆመናል። ሚስትየው ብርድ ልብሱን ተሸክማ ወደ ውጭ ስትወጣ «ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉኝ» ብላ በእትዬ ኮሽታ ጎን ተሹለክልካ አለፈች። ሻርፗን በትከሻዋ ነካችው። ልጮህ አፌን ስከፍት እትዬ ኮሽታ እጄን ጭብጥ አደረገችው።

ወንድሟ ለብቻው ነው። ሳሎኑ ጥግ፣ መከለያው በተነሳበት ባዶ ቦታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። እንደ ሌሎቹ አያገላብጥም። ፊት ለፊቱ የጓሮ በር አለ፣ ሚስማር ላይ ሌላ ሻርፕ አለ፣ መስኮቱ ላይ የታጠበች አንዲት ሰሃን አለች። ሰሃኗን እያየ ነው። ትልቅ ሰው እንዲህ ትከሻው ሲወርድ አልወድም።

ቆምን። ከኋላችን ጎረቤቲቱ ትጮኻለች፣ ልጅቷ አልጋውን ትጎትታለች፣ ሚስትየው ደጅ ላይ በርሜል ትከፍታለች። እትዬ ኮሽታ አላሳለችም። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

«እትዬ፣ መጣሽ?» አለ ወንድሟ፣ ሳይዞር።

ሁሉም ቀጥ አለ።

«በምን አወቅህ?» አለችው።

«ቤቱ ሁሉ ይንኳኳል» አለ። «በሩ ጋ ብቻ ዝም አለ። አንቺ ነሽ አልኩ።»

ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው በድምፅ ነው፤ ድምፅዋ ወፍራም መሆኑን ያኔ አወቅኩ። «እዚህ ጋ ነበርኩ» አለችው። «ትናንት ሸጣችሁኝ፣ እዚሁ እራቴን እየበላሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብትል ምን አለ?»

«ጥፋቴ ነው» አለ። «የሰው ቤት ቆጣሪ ፍለጋ ስንከራተት እህቴን ግድግዳ ውስጥ ቀበርኳት።»

«ቀባሃት» አልኩ እኔ። «ቀለም።» ማንም አልሳቀልኝም፤ ሚስትየው ግን ብርድ ልብሱን እንደታቀፈች መጥታ እግሯ ሥር ቁጭ አለች። «ረጅም ነሽ ለካ» አለቻት፣ እያለቀሰች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ሰው ሲረሳም ሲያስታውስም መጠን አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተሰቡ እትዬ ኮሽታን እንዳትጠፋባቸው ይጠብቋት ጀመር። ምግብ ሲቀርብ እሷ ሳትቀመጥ ማንም አይነካም። ልጅቷ ሌት ተነስታ በባትሪ ፊቷ ላይ ታበራለች። ወንድሟ ቆጣሪ ሊያነብ ከገባበት የሰው ቤት ሁሉ ወደ ሱቃችን ስልክ ይደውላል። «አለች?» ይላል። «አለች» እላለሁ። «አቅርቢያት።» አንድ ቀን ደንበኛ ሊረሳት ሲል ስልኩ ጮኸና ፈተናው ሁሉ ተበላሸ።

«መርፌ፣ ልብስ መቀየሪያ ቦታ እንኳ አጣሁ» አለችኝ። «መከለያዬን እፈልጋለሁ። ልጠፋበት አይደለም፤ ትንሽ ላርፍበት ነው። ዝይዎቼም ናፈቁኝ።»

መከለያው ጓዳችን ነበር። እኔም ያን ቀለም የጠጣ ጨርቅ ገፍፌ ንጹሕ በፍታ ወጥሬበታለሁ። ጋሽ ማጠፊያ ግን ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ያ ፈተና አላለቀም፣ ሳይፈተን ደግሞ አይወጣም። ሦስቱ ቤተሰብ መጡና ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እትዬ ኮሽታ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጥታ ገባች።

«እንግዲህ ከኋላው ሰው አለ» አለ ጋሽ ማጠፊያ።

«እናውቃለን» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

ሻይ ቀረበ። ጋሽ ማጠፊያ ስለ ጉልበቱ ጀመረ። ማንም አላየውም፤ ሦስቱም ዓይናቸውን መከለያው ላይ ተክለዋል። ስለ ጎረቤቱ ውሻ ጨመረበት።

«አክስቴ፣ ሻይሽን እዚያ ላምጣልሽ?» አለች ልጅቷ።

«በጀርባሽ በኩል ንፋስ የለም?» አለች ሚስትየው።

ወንድሟ በመከለያው ሥር ብቅ ያለችውን የጫማዋን ጫፍ እያየ ተቀምጧል። ጋሽ ማጠፊያ ላብ በላብ ሆነ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አማቹ፣ ማንም ስለማያውቀው የራሱ ጉድ ሳይቀር አወራ። ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ እትዬ ኮሽታ አማራጭ ስታጣ ያቺን ሳሏን አሳለች፤ አንዲት፣ አጭር፣ ጥርት ያለች።

የደነገጠ የለም። የሻይ ብርጭቆ ንቅንቅ አላለም።

«ጉንፋን ያዘሽ እንዴ፣ እትዬ?» አለ ወንድሟ፣ ከመቀመጫው እየተነሳ።

ጋሽ ማጠፊያ ብርጭቆውን አስቀመጠና መከለያውን ከላይ እስከ ታች በሐዘን አየው። ማጠፊያው የጠበቀ ነው፣ ጨርቁ የኔ ነው፣ እንጨቱ ቀዳዳ የለበትም። «ተበላሽቷል» አለ። «ምን እንደነካው አላውቅም፤ ግን አይከልልም። ይሄን በስሜ አልሸጥም። ውሰዱልኝ።»

ወንድሟ በአንድ ጫፍ፣ ልጅቷ በሌላው ጫፍ ይዘውት ወጡ፤ ሚስትየው መሀሉን ደገፈች። እትዬ ኮሽታ ከኋላቸው ተከተለች፣ ኮሽ ሳትል። ልጅቷ ግን በየሁለት እርምጃው ዞር እያለች ታያት ነበር።